ደብረ ብርሃን ላለችው የማህፀን ሐኪሜ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ደክሞኝ ነው የኖርኩት። እህል ተራ ገብስና ባቄላ እሸጣለሁ፤ ጆንያ ተሸክሜ የማይደክመኝ ሰው አንድ ቁና ሰፍሬ ጆንያው ላይ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ልቤ ይመታል፣ ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ውሃ የተረጨ አፈር ሲሸተኝ ምራቄ ይመጣል። ሌሊት ደግሞ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ ላብ እያጠመቀኝ ጋቢውን እወረውራለሁ። 48 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ዘጠኝ አሥር ቀን ይቆያል፣ የረጋ ደምም አለው።

አንድ ክሊኒክ «ሄሞግሎቢንሽ 12.4 ነው፣ ደምሽ ደህና ነው፣ የዕድሜ ነገር ነው» ብለው ቫይታሚን ሰጥተው ሸኙኝ።

ይቺ ዶክተር ግን ወረቀቱን እንኳ ሳታይ «እናቴ፣ በቀን ስንት ሞዴስ ይቀይራሉ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች። 12 የሚባለው የሴት ሄሞግሎቢን ዝቅተኛ ልክ ቆላ ለሚኖር ሰው እንደሆነ፣ እኛ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ሰውነታችን ደም እንደሚጨምር፣ ልካችንም ከ13 በላይ እንደሆነ አስረዳችኝ። ፌሪቲን የሚባለውን፣ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ምርመራ አስመረመረችኝ፤ 8 ሆነ። ከ15 በታች ከሆነ የብረት ጎተራው ባዶ ነው አለችኝ። እህል ነጋዴ ነኝና ወዲያው ገባኝ።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ለማረጡ ሙቀት ሆርሞን ስለምትወስድ እኔም እሱኑ ፈልጌ ነበር። «ደሙ ከምን እንደሚመጣ ሳናውቅ አልጀምርልዎትም» አለች። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ከማህፀኔ ግድግዳም ናሙና ተወሰደ። ተመስገን፣ ክፉ ነገር አልተገኘም። ሆርሞኑን፣ ኤስትሮጅንን ከፕሮጄስትሮን ጋር፣ ያዘዘችልኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ማህፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን ግድግዳውን ያወፍረዋልና።

የብረት ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሎሚ ውሃ። ቡናዬን ሁለት ሰዓት አራቅሁት፤ እሱ ከበደኝ። ሰገራ እንደሚጠቁር አስቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ደሜ ከሞላ በኋላም ሦስት ወር ቀጥዪ ብላኛለች።

ይኸው ሕክምናውን ከጀመርኩ አምስተኛ ወር ነው፤ የወር አበባዬ ደም ቀንሷል፣ ጆንያዬንም አነሳለሁ።

ፈቃዷን ሳልጠይቅ ስሟን አደባባይ አላወጣም። በውስጥ መስመር ለጻፈችልኝ እህት የምትሠራበትን እነግራለሁ። ስትሄዱ የወር አበባችሁ የመጣባቸውን ቀኖች ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።