ስለ ሕዳሴ ዘመን ሴቶች በድሬዳዋ የተሰጠ የምሽት ትምህርት
በከዚራ አንድ የንባብ ማዕከል ለአራት ተከታታይ ቅዳሜ ምሽቶች ያዘጋጀውን፣ በአውሮፓ የሕዳሴ ዘመን ስለ ሴቶች ትምህርትና ድርሻ የተነሣውን ክርክር የሚዳስስ ትምህርት ተከታትዬ ጨርሻለሁ፤ ለከፈልሁት ገንዘብ ከጠበቅሁት በላይ አግኝቻለሁ።

መምህርቷ የዘመኑን ሰዎች በጅምላ አልፈረጁም። ጣሊያናዊው ምሁር ሊዮናርዶ ብሩኒ ለአንዲት ወይዘሮ በጻፈው ደብዳቤ ሴት ታሪክና ግጥም እንድታነብ እያበረታታ የአደባባይ ንግግር ጥበብ ግን እንደማያስፈልጋት መናገሩን፣ ስፔናዊው ምሁር ሁዋን ሉዊስ ቪቬስም እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የሴቶችን መማር ደግፎ ንጽሕናን ከሁሉ ማስቀደሙን ጎን ለጎን አስረዱን። ከሁለቱም ቀድማ እ.ኤ.አ. በ1405 የጻፈችው በፈረንሳይ የኖረችው ደራሲ ክርስቲን ደ ፒዛን፣ ሴቶች ልጆች እንደ ወንዶቹ ትምህርት ቤት ቢላኩ እኩል በተማሩ ነበር ብላ መከራከሯ ሲነበብ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ ቦታውን በእርሳስ ደጋግማ ከማስመሯ የተነሣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሶ ነበር።

የታደለን ጽሑፍ ቀለሙ ስለደበዘዘ በመብራት ሥር ለማንበብ አስቸጋሪ ነበር። ከዚያ ይልቅ ያሳዘነኝ የራሳችን ሴቶች አለመነሣታቸው ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ፣ እቴጌ እሌኒ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ልከዋል፤ ከድሬዳዋ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቀው ሐረርም ባቲ ድል ወንበራ ባሏ ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ከተገደለ በኋላ ትግሉ እንዲቀጥል ጥራለች። ይህን ለመምህርቷ ባነሣላቸው በማስታወሻቸው ጻፉት፤ በሚቀጥለው ዙር ይካተታል ብዬ እጠብቃለሁ።