ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 4፦ ከ9 ወር በኋላ

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 4ን ላፕቶፔ ላይ ከጫንኩት 9 ወር ሞላው። የገዛልኝ ዳላስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ለልደቴ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ጌሙ ልጽፍ አሰብኩና ተውኩት። የስትራቴጂ ጌም፣ ማለትም ከተማ ሠርተህ፣ ጦር አዘጋጅተህ ተቀናቃኝህን የምትገጥምበት ጨዋታ፣ በሳምንት አይታወቅም። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ያምራል። ጠባዩን የሚያሳይህ ደጋግመህ ተሸንፈህ፣ ለምን እንደተሸነፍክ ሲገባህ ነው።

እኔ ያደግኩት ጌም ቤት ነው። አራት ኮምፒውተር በገመድ ተያይዘው፣ በሰዓት እየተከፈለ፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ከኋላህ ቆመው «ወንዙ ጋ መጣብህ! ወንዙ ጋ!» እያሉ። ግማሾቻችን የጄኔራልስ (ሌላ የጦርነት ስትራቴጂ ጌም ነው) ልጆች ነበርን፣ ግማሾቻችን የኤጅ። እኔና የአክስቴ ልጅ ከኤጅ ወገን ነን። ሁለተኛው ክፍል የወጣው በ1999 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሦስተኛው በ2005 መጣ። ከዚያ በኋላ ዝም። አራተኛው የወጣው ኦክቶበር 28 ቀን 2021 ነው። 16 ዓመት ማለት ነው። በዚህ መሃል እኛ አደግን፣ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሄደ፣ ጌም ቤቱም ተዘጋ።

የጄኔራልስ ልጆች ከኛ የባሰ ገጠማቸው። ጌማቸው በ2003 ወጣ። ሁለተኛው ክፍል እንደሚመጣ በ2011 ተነገራቸው። በ2013 ቀረ ተባሉ። አሁንም ድረስ የድሮውን የሚጫወቱ ጓደኞች አሉኝ። ስለዚህ አራተኛው ኤጅ መምጣቱ ብቻ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ጌሙ። ሁለተኛውን ለሚያውቅ ሰው መሠረቱ ያው ነው። ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅ፣ ድንጋይ። አራት ዘመን። 200 የሕዝብ ጣሪያ። በግ ፈልገህ ታውን ሴንተር (የከተማህ ዋና ሕንጻ) ሥር ታርዳለህ። ግን ፍጥነቱ ሌላ ነው። በሁለተኛው በ3 ሰራተኛ ትጀምራለህ፣ በአራተኛው በ6። ሰራተኛ ለማውጣት እዚያ 25 ሰኮንድ ይፈጃል፣ እዚህ 20። እርሻው ደግሞ አያልቅም። በሁለተኛው እርሻ ሲሟጠጥ እንደገና እንጨት ከፍለህ ታሳርሳለህ። ይኼ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በሁለተኛው ጦርነት መሃል ሆነህ እርሻህ እንዳለቀ ያወቅክበት ቀን ካለ፣ እዚህ እጅህ ምን ያህል እንደሚቀልልህ ይገባሃል።

ትልቁ ለውጥ ዘመን የምትሻገርበት መንገድ ነው። ድሮ ምግብና ወርቅ ከፍለህ ትጠብቃለህ፣ ደወሉ ይደወላል። አሁን ከሁለት ታላላቅ ሕንጻዎች አንዱን መርጠህ በሰራተኞችህ እጅ ትሠራለህ። ላንድማርክ ይሉታል። እንግሊዝን ይዤ ካውንስል ሆልን ከመረጥኩ ረጃጅም ቀስት የያዙ ወታደሮች ቶሎ ቶሎ ይወጡልኛል። ሌላኛውን ከመረጥኩ ይኼ ይቀርብኛል። ምርጫው ያስጨንቃል። ተቀናቃኝህም ሰላይ ልኮ የትኛውን እንደሠራህ አይቶ አሳብህን ያነብባል። እኔ በጣም የወደድኩት እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ሞንጎሎች አሉ። አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ከአክስቴ ልጅ ጋር ቀጠሯችን ነው። እሱ ጋ ገና ቀን 7 ሰዓት ነው። እኔ እንግሊዝ፣ እሱ ሞንጎል። ለ15 ደቂቃ ያህል ጦሬን ሳዘጋጅ ቆየሁ። 30 ቀስተኛ፣ ከፊታቸው ጦረኛ፣ በር መስበሪያውን ደግሞ እግረኞቼ እዚያው ሜዳ ላይ ሠሩት። ጫካውን ዞሬ፣ ሰፈሩን ከጀርባ ልመታ ገባሁ። ምንም የለም። ሰላዬ ከአምስት ደቂቃ በፊት ያየው ሰፈር የለም። ሞንጎሎች ሕንጻቸውን ጠቅልለው ጋሪ ላይ ጭነው መሄድ ይችላሉ። ቤት መሥራት አያስፈልጋቸውም፣ እርሻም የላቸውም። የአክስቴ ልጅ መምጣቴን ሰምቶ ድንኳኑን ነቅሎ ሄዷል። እኔ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሜ ሳለ ፈረሰኞቹ ከተማዬ ገቡ። በስልክ «ወንድሜ፣ የት ነህ?» ይለኛል።

ተሸነፍኩ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ሽንፈቱ አይደለም። ይኼ አኗኗር የኛ ነገሥታትም ነበር እኮ።

«ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ከተመ» ከሚለው የመጣ ነው። ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ጎንደር በ1636 ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦታ አይቀመጡም ነበር። አካባቢው ማገዶና ስንቅ ሲያልቅበት፣ ወይም ጦርነት ሲነሳ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል። በ1520 የመጣው የፖርቹጋል መልእክተኛ ቡድን አፄ ልብነ ድንግልን ያገኘው ድንኳን ከተማ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በድንኳን ነበር። አፄ አምደ ጽዮን ከ1314 እስከ 1344 ሲነግሡ ዘመናቸው ያለፈው በዘመቻ ላይ ነው። ይኼ ሁሉ የአራተኛው ኤጅ ዘመን ውስጥ በትክክል ይወድቃል። ከተማን ጠቅልሎ የመሄድ ዘዴውም ጌሙ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። ኢትዮጵያ ግን የለችም። ሲወጣ ስምንት ሥልጣኔዎች ነበሩት። ከዚያ ማሊ፣ ኦቶማን፣ ባይዛንታይን፣ ጃፓን ተጨመሩ። እኛ እስካሁን የለንም።

ይኼ የሚቆጨኝ በሁለተኛው ክፍል ስላለን ነው። በ2015 በወጣው የአፍሪካ ማስፋፊያ (በዋናው ጌም ላይ የሚጨመር ክፍል) ኢትዮጵያውያን ገቡ። ቀስተኞቻቸው ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ። ዘመን በተሻገርክ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ በነጻ ታገኛለህ። ልዩ ወታደራቸው ሾተል የያዘ እግረኛ ነው፤ ከግንቡ ቶሎ ይወጣል፣ ከባድ ይመታል፣ ግን ቶሎ ይሞታል። የዮዲት ታሪክም በአምስት ምዕራፍ ተሠርቷል። ከሁሉም በላይ ሰዎቹ የሚናገሩት በአማርኛ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ማን መጥቶ ነው?» አለችኝ። እንግዳ ያለ መስሏት ነው። ስክሪኑን አሳየኋት። አጎንብሳ አየች። እኔ እንጨት ቆራጩን ስነካው እሱ ሲመልስ ሰማች። «እንደገና ንካው እስቲ» አለች። አምስት ስድስት ጊዜ አስነካችኝ።

ሦስተኛውም በ2021 ኢትዮጵያን ጨምሯል። እዚያ ሴባስቶፖል መድፍ አለ። የመይሳው የጋፋት መድፍ! ያንን አሳብ ያመጣው ሰው ታሪካችንን ቁጭ ብሎ አንብቧል። ስለዚህ ይችላሉ ማለት ነው።

አራተኛው በቋንቋ በኩልም አንድ ድንቅ ነገር ሠርቷል። ሰዎቹ ከዘመን ዘመን ሲሻገሩ አነጋገራቸው ይለወጣል። የእንግሊዝ ሰራተኛ በመጀመሪያው ዘመን የሚናገረው ለዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የማይገባ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ቃላቱን መለየት ትጀምራለህ። እኔ ይኼን ስሰማ የማስበው ግዕዝን ነው። በግዕዝ ጀምሮ እየቆየ ወደ አማርኛ የሚሄድ ሰራተኛ አስቡት። አምስተኛ ክፍል ከመጣ፣ ወይም ለዚህኛው ማስፋፊያ ከተጨመረ፣ እኔ የምጠብቀው ይኼን ነው። ላሊበላን መርጬ ዘመን ብሻገር።

ስለ ካምፔይኑ፣ ብቻህን ስለምትጫወተው የታሪክ ክፍል፣ ብዙ አልልም። በዋናው ጌም አራት ናቸው፤ ኖርማኖች፣ የመቶ ዓመቱ ጦርነት፣ ሞንጎሎች፣ ሞስኮ። በየመሃሉ ስለ ቀስት፣ ስለ ጋሻ፣ ስለ ግንብ አሠራር በእውነተኛ ቦታዎች የተቀረጹ አጫጭር ቪዲዮዎች አሉ። ቪዲዮዎቹ ከጨዋታው ይበልጣሉ። አንዴ ጨርሼው አልተመለስኩበትም።

ሌላውን የስትራቴጂ ጌም፣ ስታርክራፍት 2ንስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከ2017 ጀምሮ በነጻ ነው፣ ቆንጆም ነው። መርጠህ የምትይዛቸው ሦስቱ ዘሮች ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ አራተኛው ኤጅ ከሱ የተማረ ይመስለኛል። ግን እዚያ የሚያሸንፈው እጁ የፈጠነ ነው። ለአንድ ሰኮንድ ዞር ካልክ ጦርህ ተቃጥሏል። ከሥራ ደክሞህ ገብተህ የምትጫወተው አይደለም። ኤጅ ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሃል። አንዱ ጨዋታ እኛ ጋ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይሄዳል። በመሃል ወሬም እናወራለን።

አሁን ችግሮቹ። 50 ጊጋባይት ይወስዳል። የኔ ላፕቶፕ 8 ራም ነው፤ ይሠራል፣ ግን ግራፊክሱን ዝቅ ማድረግ አለብህ፣ አራት ለአራት ስትጫወት መጨረሻ ላይ ይንቀራፈፋል። አፕዴቱ በየጊዜው ይመጣል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ኪስ ይጎዳል። እኔ ቢሮ ዋይፋይ ያለው ጓደኛዬ ጋ ይዤው እሄዳለሁ። ካሜራው አሁንም ለኔ ቅርብ ነው፤ ትንሽ ከፍ ብዬ ባየው ደስ ይለኛል። ውጊያ ሲጋጋል ደግሞ የማን ወታደር የማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። በሁለተኛው ክፍል አንድም ቀን እንዲህ ግራ ገብቶኝ አያውቅም። መልኩ ያረጀ ቢሆንም በአንድ እይታ ይነበባል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን አብሮ ይጠፋል። በስልኬ ሆትስፖት እስክቀጥል ጨዋታው አልፏል። በ9 ወር ውስጥ እንዲህ ያቋረጥኩት ከደርዘን በላይ ነው። ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ ከገዛሁ ወዲህ ተሻለኝ። በኦንላይን መጫወት የምታስቡ ከጌሙ እኩል እሱን አስቡበት።

ብቻችሁን የምትጫወቱ፣ ኮምፒውተራችሁም ያረጀ ከሆነ፣ ሁለተኛውን በአዲስ መልክ የተሠራውን ግዙ። በ2019 ነው የወጣው። ኢትዮጵያም እዚያ አለች። አብሯችሁ የሚጫወት ሰው ካለ ግን አራተኛውን ያዙ። እኔ ሁለቱንም አላጠፋሁም። በሳምንቱ ቀናት እናቴ ሳሎን ስትሆን ሁለተኛውን እከፍታለሁ፤ ቅዳሜ አራተኛውን።

በዚህ ቅዳሜ እንግሊዝን ትቼ ራሴ ሞንጎልን ልይዝ ነው። ለአክስቴ ልጅ አልነገርኩትም። ሰፈሬን የማዛውርበትን ቦታ ካርታው ላይ ካሁኑ መርጫለሁ፤ ከወንዙ ማዶ፣ ወርቁ አጠገብ።