የቮልሴን ሞተር ግቢዬ ውስጥ ካደስኩት 9 ወር ሞላው

አዲስ የታደሰ ሞተር በመጀመሪያው ሳምንት ሁሌም ጥሩ ነው። ድምፁ ያምራል፣ የባለቤቱም ፊት ይበራል። እውነቱ የሚወጣው ዘይቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቀየር፣ ክረምት ሲገባና ዳገት ሲበዛ ነው። እስከ ዛሬ ሳልጽፍ የቆየሁትም ለዚህ ነው። ቮልሴ እ.ኤ.አ. የ1969 ስሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ናት። ሞተሯን ያወረድኩት በጥቅምት 2017 ነው። ጥር ላይ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ 7,200 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። አብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ የቀረው ወደ ቢሾፍቱና አዳማ።

መጀመሪያ ለምን እንዳወረድኩት ልናገር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ድሮ በሁለተኛ ማርሽ ትወጣው ነበር። በኋላ በአንደኛም እያቃሰተች ሆነ። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ዘይት ትበላለች። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀውን አየር ግፊት፣ ለካሁ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ70 እስከ 75 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አሳዩ። ቁጥር 3 ግን 40 ላይ ቀረ።

ቮልስ የሚያውቅ ሰው ቁጥር 3 መሆኑን ሲሰማ አይገረምም። ይህ ሞተር በውሃ ሳይሆን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። በዚያን ጊዜዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ ቁጥር 3 በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ሲሊንደር የሚደርሰው አየር ትንሽ ነው፤ እሱም ቀድሞ የሞቀ። ከ1971 ስሪት ጀምሮ ማቀዝቀዣው ወደ ውጭ ወጥቶ የራሱ መንገድ ተሰጠው። የእኔ ግን የቀድሞው ዓይነት ነው። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ስናወርድ የቁጥር 3 የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጫፉ ተቃጥሎ ተሸርፎ አገኘነው። ትንሽ ብንቆይ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ይወድቅ ነበር። ያኔ የሚታደስ ሞተርም አይኖርም።

ቤት ለመሥራት የወሰንኩት ጋራዥ ጠፍቶ አይደለም። ይህ ሞተር ለቤት ይመቻል። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ክብደቱ ከ100 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። አንድ ጥሩ ክሪክ፣ ወፍራም ጣውላና ሁለት ሰው ካለ በከሰዓት ይወርዳል። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ሰፈራችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የቮልስ ሜካኒክም አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣሉ። ቡናቸውን እየጠጡ የሠራነውን ያያሉ። እጃቸውን ብዙም አያስገቡም፤ ዓይናቸው ግን ምንም አያመልጠውም።

አንድ እሁድ ፍላይዊሉን (የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ከባድ ክብ ብረት) ልናጠብቅ ስንል፣ «ሺሙ ስንት ነው?» አሉን። ሁለት ወፍራም ሺሞች (ክፍተት የሚሞሉ የብረት ቀለበቶች) ተጠቅመን ክፍተቱን አስተካክለን ነበር። «አይ፣ ልጄ፤ እዚህ ቦታ ሁሌ ሦስት ነው የሚገባው። ፍቱትና እንደገና ለኩ» አሉ። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚኖረው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሺሞች እየቀያየርን ሙሉ ከሰዓት ፈጀን። በመጨረሻ 0.10 ላይ ቆመ። ዛሬም ፍሪሲዮኑን እያስረገጥኩ ፑሊውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ መሰል ብረት) ሳየው ንቅንቅ አይልም።

የፍላይዊሉን ትልቁን ዳዶ ማጥበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። የሚፈልገው 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚለካ ቶርክ ሬንች የለኝም። ጋሼ የነገሩን ዘዴ ቀላል ነው። 36 ቁልፍ ላይ ቧንቧ ይሰካል። ከዳዶው መሃል 1 ሜትር ተለክቶ 30 ኪሎ ይንጠለጠላል። ከቤት 30 ኪሎ ጤፍ በማዳበሪያ አምጥተን አንጠለጠልን። ሒሳቡ ልክ ይመጣል፤ ዳዶውም እስከ ዛሬ አልላላም፣ በዚያ በኩል ዘይትም አላፈሰሰም።

ዕቃ መፈለጉ ከሥራው በላይ አድካሚ ነው። 77 ሚሊ ሜትር ፒስተኖች ከነሲሊንደራቸውና ከነፋሻቸው (ፒስተኑን ከሚከቡት ቀለበቶች ጋር) ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ተመላልሼ አገኘሁ። ቮልስ ላይ ሲሊንደር አይቦረቦርም፤ ከፒስተኑ ጋር አብሮ ይቀየራል። ቫልቮቹንና ጓርኒሲዮኑን (በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ)፣ ብሮንዚናውንም (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበትን ማቀፊያ) የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ፒስተኖቹን ከመግጠሜ በፊት ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስመዘንኳቸው። አዲስ ሲሆኑ በመካከላቸው ከ5 ግራም በላይ ልዩነት እንዲኖር አይፈለግም፤ የእኔዎቹ 3 ግራም ነበር ልዩነታቸው። ሞተሩ ዛሬ ሚኒሞ ላይ እንዲህ ጸጥ ብሎ የሚሠራው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ክራንክ ሻፍቱን አንድ ቶርኖ ቤት 0.25 ሚሊ ሜትር አስፍቄ፣ ብሮንዚናውንም በዚያው ልክ አስመጣሁ። ሥራቸው ጥሩ ነው፤ ግን ሳያጥቡት ነው የመለሱልኝ። የእህቴ ልጅ የዘይት መንገዶቹን በነጭ ጋዝና በቀጭን ብሩሽ ሲያጥብ የብረት ብናኝ ወጣ። እንዳለ ብንገጥመው አዲሱ ብሮንዚና በመጀመሪያው ሳምንት ይፋቅ ነበር። ከቶርኖ የመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ታጥቧል ቢሏችሁም፣ እንደገና እጠቡት።

አሁን ወደ 9 ወሩ ልምድ።

ኃይሏ ተመልሷል። እንጦጦን በሁለተኛ ትወጣለች፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን ሦስተኛ የማስገባባት ቦታም አለ። የቤንዚን ፍጆታዋ ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ነበር። አሁን ዘጠኝ አይሞላም። ዘይት በ2,500 ኪሎ ሜትር ሩብ ሊትር ያህል እጨምራለሁ። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ፊልትሮም የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ስለዚህ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው። እኔ መጀመሪያ በ500፣ ከዚያ በየ2,500 እቀይራለሁ።

ኮምፕሬሽኑን 5,000 ላይ እንደገና ለካሁ። አራቱም ከ93 እስከ 95 አሳዩ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ከ100 በላይ ነው። ጋሼ ረጋ ብለው አስረዱኝ። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ አየር ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን ሩብ ያህል ይሳሳል። ትልቁ ነገር አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው።

ይኸው የሳሳ አየር ካርቡሬተሩ ላይም ችግር አመጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ነበሩ። ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ከ125 ወደ 120 ቀየርኩ። አሁን ካንዴላዎቹ ቡና ቀለም ሆነዋል፤ የቤንዚኑም ቁጥር ጎልቶ የወረደው ከዚህ በኋላ ነው። አዳማ ስወርድ አየሩ ስለሚወፍር ካንዴላ ፈትቼ አየሁ። ደህና ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከልቤ የምነግራችሁ በሞተሩ ዙሪያ ስላለው ላሜራና ስለ ጠርዙ ጎማ ነው። የቮልስ ሞተር ዙሪያውን በላሜራ የተሸፈነው ለውበት አይደለም። ከላይ ቀዝቃዛው አየር ይገባል፣ ከታች የሞቀው ይወጣል፤ ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚለያቸው ያ ላሜራና ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያየኋቸው ብዙ ቮልሶች ግማሹ ላሜራ የላቸውም። ሞተር በወረደ ቁጥር አንዱ ይጣላል፣ መልሶ የሚያስገባው የለም። የእኔም ሁለት ቁራጭና ሙሉ ጎማው ጠፍቶ ነበር። ላሜራውን ምናለሽ ተራ አስቆርጬ ገጠምኩ። ጎማው ግን ዘገየ፤ የመጀመሪያውን ወር ያለ ጎማ ነው የነዳሁት። በዲፕስቲኩ (የዘይት መለኪያ ዘንጉ) ቀዳዳ ሙቀት መለኪያ አስገብቼ እከታተል ነበር። ከአዳማ ወደ ሞጆ ስመለስ ዘይቱ 118 ዲግሪ ደረሰ። ጎማውን ከገጠምኩ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ 104 ሆነ። ከተቀየሩት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ቁጥር 3ን ከሁሉ በላይ ያተረፈልኝም እሱ ይመስለኛል። ሞተር ለማደስ ገንዘብ የሌለው የቮልስ ባለቤት ቢያንስ ይህን ጎማ ይግጠም እላለሁ።

ያልተሳካው የፑሽሮድ ቱቦዎቹ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው ቱቦዎች፣ ነው። 1,900 ኪሎ ሜትር ላይ በግራ በኩል ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ቱቦዎቹን ከመግጠማችን በፊት 190 ሚሊ ሜትር ድረስ ስበን አርዝመናቸዋል፤ በዚያ በኩል ስህተት አልነበረም። የጫፋቸው ጎማ ግን በርካሽ የተገዛ ነበር። በሙቀት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆነ። እሱን ለመቀየር ቴስታታውን እንደገና ማውረድ ነበረብኝ። ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። አሁን የሲሊኮን ጎማ ነው ያለው። ከአንድ ቱቦ ብቻ ሌሊቱን አንዲት ጠብታ ትወርዳለች፤ እሷን ለቀጣዩ ጊዜ ትቻታለሁ።

ሰኔ ላይ ዱከም አካባቢ ቺንጋ ተበጠሰ። እዚህ መኪና ላይ አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም ማቀዝቀዣ ፋኑንም ያዞራል። ከተበጠሰ ሞተሩ አየር አያገኝም፤ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል። ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቀይ የዲናሞ መብራት ነው። እንደበራ ዳር ይዤ አጠፋሁ። ትርፍ ቺንጋና ካቻቢቴ ነበረኝ። በ20 ደቂቃ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤተሰብ የሚነዳት ከሆነ ያንን መብራት አሳዩዋቸው። ባለቤቴ አሁን ከእኔ ቀድማ ነው የምታየው።

ክረምቱን በደህና አልፋለች። አንድ ጠዋት ብቻ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እርጥበት ገብቶ እምቢ አለች። ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ተነሳች።

ይህን ሥራ ለማን እመክራለሁ? ዝናብ የማይገባበት ቦታና ሦስት ወር ያለ መኪና መቆየት ለሚችል። በየቀኑ ልጅ የሚያደርስባት ብቸኛ መኪናው ከሆነች ግን ለጥሩ ባለሙያ ይስጣት። ከወጪዬ ከግማሽ በላይ የሄደው ለፒስተንና ሲሊንደሩ፣ ለቴስታታ ሥራና ለክራንክ ሻፍቱ ነው። ጉልበታችንን አልቆጠርኩም። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና ማቆየት ለብዙዎቻችን የግድ እየሆነ ነው። የእህቴ ልጅ አሁን ሞተር መክፈት አይፈራም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን ቮልስ ካርቡሬተር ብቻውን ፈትቶ፣ አጥቦ ገጥሞላቸዋል።

7,500 ሊሞላ ነው። የፊታችን እሁድ ዘይት እንቀይራለን፣ የቫልቮቹንም ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ እናስተካክላለን። ጋሼም ይመጣሉ። ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ አላስነሳትም።