የእህቴን ልጅ ዘር ከደብረ ማርቆስ ስንቆጥር

እህቴ ስኮትላንዳዊ ባሏንና ሕፃኗን ይዛ ደብረ ማርቆስ መጣች። እናቴ ልጁን አቅፋ በእኛ በኩል ሰባት ቤት ቆጠረችለት። «በአባቱስ?» አለች። አማቻችን ከቅድመ አያቱ ማለፍ አቃተው።

ያን ማታ ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ተመዘገብን። የስኮትላንድ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ነው የሚያስተዳድረው። ስም መፈለግ በነፃ ነው። የመዝገቡን ምስል ለማየት ግን ክሬዲት፣ ማለትም የድረ ገጹ የመክፈያ ነጥብ፣ ይገዛል። በአማቻችን ካርድ ከፈልን።

ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከ1855 ወዲህ ያለው የመንግሥት ምዝገባ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የያዘው የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ ነው። ጥንታዊው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ከ1553 ይጀምራል። እኛ ዘንድ አፄ ገላውዴዎስ የነገሡበት ዘመን ማለት እኮ ነው!

እኔን የገረመኝ የ1855ቱ የልደት መዝገብ ነው። የወላጆቹ ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበት ጊዜ፣ ቀድመው የወለዷቸው ልጆች ጭምር ሰፍሯል። በዓመቱ ብዙው ቀረ፤ ያሳዝናል። እናትየዋ የተጻፈችው በአባቷ ቤት ስም ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ጎሽ!» አለች።

የእጅ ጽሑፉ ዓይን ያደክማል። የአባትየውን ሥራ ለማንበብ ሦስታችን ስልኩ ላይ ተደፋን። ፊደሉን አጉልተን፣ አንድ በአንድ ለቅመን፣ በመጨረሻ ወጣልን፦ እረኛ።

«እረኛ ከሆነማ የኛው ሰው ነው» አለች እናቴ፣ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ።