ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የተዘጋጀች የሳይንስ ቃላት መፍቻ

በድሬዳዋ፣ ከዚራ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በአንዱ የገዛኋት ይህች በኪስ የምትያዝ የሳይንስ ቃላት መፍቻ እያንዳንዱን ቃል በአማርኛና በእንግሊዝኛ አስቀምጣ ትርጉሙን በአጭሩ ታብራራለች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ሐሳቡን አስቀድሞ በአማርኛ የጨበጠ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ አዲስ የሚሆንበት ስያሜው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ትልቅ ሥራ ይጠበቅበታል።

ዋነኛው ጥንካሬዋ ተማሪዎች የሚያምታቷቸውን ቃላት ጎን ለጎን ማስቀመጧ ነው። ግዝፈት በአንድ አካል ውስጥ ያለው የቁስ መጠን ስለሆነ በኪሎ ግራም፣ ክብደት ግን አካሉን የሚስበው የስበት ኃይል ስለሆነ በኒውተን እንደሚለካ ከገለጸች በኋላ፣ ግዝፈቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ጨረቃ ላይ ቢቆም ግዝፈቱ ሳይለወጥ ክብደቱ ከ590 ኒውተን ገደማ ወደ 100 ኒውተን ግድም እንደሚወርድ ታሳያለች። ገበያ ውስጥ «ክብደቱ 5 ኪሎ ነው» ሲባል እየሰማ ላደገ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም። ንጥረ ነገር፣ ውህድና ድብልቅም በአንድ ገጽ ላይ ተነጻጽረው ቀርበዋል።

ቅር የሚያሰኘው የሙቀት ክፍሏ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ብላ ታልፋለች፤ ይህ ግን እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ግፊቱ በከፍታ ስለሚቀንስ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐረር ደግሞ ከዚህም ከፍ ስለምትል መፍያ ነጥቡ ወደ 94 ይጠጋል። በቴርሞሜትር የለካ ተማሪ መጽሐፏን አምኖ የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር መደረጉ ያሳዝነኛል፤ «በባሕር ወለል ግፊት» የሚሉ ሦስት ቃላት በበቁ ነበር።

ምሳሌዎቿም ከበረዶና ከቅዝቃዜ አገር የተወሰዱ ይመስላሉ። የከተማችን የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት፣ ውሃው በፈላ ቁጥር በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይም በዋናነት ይኸው ውህድ ነው። ውህድን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት ይገኛል?

ወረቀቷ ስስ ነው፤ የቃላት ማውጫም የላትም። ያም ሆኖ እንድትገዟት እመክራለሁ፤ ለልጃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ግን መፍያ ነጥብ በሚለው ቃል አጠገብ የድሬዳዋን መጠን በእርሳስ ጻፉበት።