ምንጣፉ ሲነሳ የታየው፦ ከፔዳል ቦርዴ ጋር ያሳለፍኋቸው 14 ወራት

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው፤ እዚሁ ጅማ፣ አንድ የምረቃ ድግስ ላይ። በጊታሬ በትዝታ ቅኝት ሶሎ ጀምሬ ነበር። የዲሌዩን ፔዳል፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመውን በእግር የሚረገጥ መሣሪያ፣ ስረግጠው ከእግሬ ሥር ሸሸ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፔዳሉ ቦርዱ ከለበሰው ምንጣፍ ጋር የሚያያዝበትን ቬልክሮ አለቀቀም፤ የለቀቀው ምንጣፉ ራሱ ነው። ከሥሩ ካለው እንጨት ተገሽልጦ ፔዳሉን እንደ ተሸከመ ወደ ፊት ተንሸራቷል። የጊታር ድምፅ ከፔዳል ወደ ፔዳል በአንድ መስመር ስለሚያልፍ፣ በመካከል አንዲት አጭር ኬብል ስትነቀል ሁሉም ዝም ይላል። ዝም አለ። የኪቦርድ ተጫዋቻችን ዜማውን ተቀብሎ ባይወጣው ኖሮ ያን ምሽት ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ፔዳሎቹ የሚደረደሩበትን ይህን ቦርድ የገዛሁት በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ነው። 60 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ስድስት ፔዳል የሚይዝ፣ ጥቁር ምንጣፍ የለበሰና ማዕዘኖቹ በብረት የተያዙ ባለ ክዳን ሳጥን ነው። እስከ ግንቦት ድረስ ያለ ችግር አገልግሎኛል። ስለ ኃይል ማከፋፈያውም ክፉ የምናገረው የለኝም፤ ለፔዳሎቹ 9 ቮልት ይሰጣል፣ ድምፁም አይነዝርም። የምጽፈው ስለ ምንጣፉና ምንጣፉ ስለ ሸፈነው ነገር ነው።

በማግሥቱ ቤት ውስጥ ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ ገፈፍሁት። ጉልበት እንኳ አልጠየቀኝም። ማጣበቂያው ደርቆ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ከሥር ያለው ቺፑድ ነበር፤ ያውም ባዶውን፣ አንድ ጠብታ ቨርኒሽ ያልነካው። በስተቀኝ ያለው ጥግ እንደ ረጠበ ዳቦ አብጧል፤ በጥፍሬ ስነካው ፍርፋሪው እጄ ላይ ቀረ። የብረት ማዕዘኑን የያዙት ብሎኖች በጣት የሚወጡ ሆነዋል። ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በማጣበቂያ ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። ከተቆረጠበት ጠርዝ በኩል እርጥበት ይጠጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

ሻጩ ይህን ቢሰማ «ውኃ አፍስሰህበት ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አላፈሰስሁበትም ወንድሜ። ዝናብም አልመታውም። የተቀመጠው መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ነገር ግን ጅማ ናት። ክረምት ሲገባ የተሰቀለ የቆዳ ጃኬት ሻጋታ ያወጣል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ይረጥባል። የት እንደምጫወት ጠይቀኸኛል፣ ጅማ ብዬ ነግሬሃለሁ፤ አንተም «ጠንካራ እንጨት ነው፣ ዕድሜ ልክህን ትገለገልበታለህ» ብለህ 7,500 ብር ተቀበልኸኝ። ጠንካራ እንጨት ምን እንደ ሆነ ለጅማ ሰው አይነገርም። በርጩማችን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው።

የተበላሸውን ይዤ የሄድሁት አንድ አናጢ ዘንድ ነው፤ ጎረቤታችን ስለሆኑ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጥጉን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩና «ይኼ እንጨት አይደለም ልጄ፤ የእንጨት ፍርፋሪ ነው» አሉኝ። እርሳቸው ሁሉንም በዋንዛ ሊሠሩልኝ ፈልገው ነበር። እኔ ሰፊ ገጽ ያለው ጣውላ እንዳይጣመም ፈራሁ። ተከራክረን በመጨረሻ ወለሉ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ዙሪያው ዋንዛ እንዲሆን ተስማማን። ምንጣፍ ከመልበሱ በፊት ላዩም ሥሩም ቨርኒሽ ተቀባ፤ ጠርዞቹ ሁለት ጊዜ ተደገሙ። የድሮዎቹን የብረት ማዕዘኖች መልሰን ስናስር ብሎኑ ዋንዛው ውስጥ ሲጢጥ እያለ ሲገባ የተሰማኝ ደስታ ቀላል አልነበረም።

ምንጣፉን መምረጥ ከእንጨቱ ይልቅ ፈተነኝ። ቬልክሮ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ መንጠቆ፣ ሌላው ቀለበት። ስዊዛዊው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል በ1941 እ.ኤ.አ. ከአደን ሲመለስ ልብሱና የውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን የአረም ፍሬ አይቶ ነው ሐሳቡን ያገኘው፤ እኛ ጭጎጎት እንደምንለው ያለ ፍሬ ነው። በፔዳል ቦርድ ላይ መንጠቆው ከፔዳሉ ሥር ይለጠፋል፣ የቀለበቱን ሥራ የሚሠራው ምንጣፉ ራሱ ነው። ስለዚህ ክሩ የተጠቀለለና የተጠላለፈ ካልሆነ መንጠቆው የሚይዘው አያገኝም። ሐሙስ ገበያ ወርጄ አንድ ፔዳል ኪሴ ይዤ ዞርሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ወፍራምና ጸጉራም ነበር፤ ፔዳሉን ጫን አድርጌ ሳነሳው ክሩን እየነጨ ተላቀቀ። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፣ ጭራሽ አልያዘም። በሦስተኛው ሱቅ ባለቤቷ የስፒከር ሳጥን የሚለብሰውን ቀጭን ጥቁር ምንጣፍ አወጣችልኝ። ፔዳሉን ለጠፍሁበት፤ ምንጣፉን ገልብጬ ወደ ታች አንጠለጠልሁት፤ በዋጋ ስንከራከር ቆየን። አልወደቀም። «እህቴ፣ አንድ ሜትር ቁረጪልኝ» አልኋት።

ማጣበቁን ራሴ ሠራሁት። ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ይቀባል፤ በእንጨቱም በምንጣፉ ጀርባም። ከዚያ መታገሥ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጣት ሲነካው መጣበቁን እስኪተው ድረስ። እርጥብ አየር ላይ ማስቲሽ ነጣ ብሎ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ነሐሴ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣበትን ቀን አራት ቀን ጠበቅሁ። አምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ወጣች፤ መስኮቱን ከፍቼ ጀመርሁ፣ ሽታው ራስ ያዞራልና። ከመካከል ወደ ዳር በጠርሙስ እየዳመጥሁ ሄድሁ። ጥጎቹን ሦስት ማዕዘን ቆርጬ አጠፍኋቸው፤ ልጅ ሆነን ደብተር እንደምንለብደው ነው። ጫፉን ከሥር አዙሬ በስቴፕል መታሁት። የፊተኛው ሠራተኛ ይህን አላደረገም ነበር፤ ምንጣፉን ጠርዙ ላይ ቆርጦ ነው የተወው፤ መገሽለጥ የጀመረውም ከዚያው ነው።

ይህን የጻፍሁት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን ቦርድ እንደገና እገዛለሁ ወይ ለሚለኝ፣ አልገዛም። የኃይል ማከፋፈያውና የብረት ማዕዘኖቹ ብቻ ናቸው የሚረቡት፤ ሌላውን ሁሉ ጅማ ውስጥ አሠርቼዋለሁ፤ ለእንጨቱ፣ ለምንጣፉና ለእጅ ዋጋ ያወጣሁት ከገዛሁበት ግማሹን አይሞላም። መግዛት ግድ የሆነበት ሰው ካለ ብር ከመክፈሉ በፊት ቦርዱን ይገልብጥና የምንጣፉን ጫፍ ያንሳ። ሻጩ አይነካም ካለው ይተውለት።

በዚህ ወር ሦስት ሰርግ ተጫውቼበታለሁ። ዲሌዩ ካስቀመጥሁበት ንቅንቅ አላለም። ትናንት ማታ ከቦርዱ ላይ ላነሳው ስል በአንድ እጄ አልሆነልኝም፤ ቦርዱን በጉልበቴ ይዤ በሁለት እጄ ሳብሁት። ምንጣፉ ከእንጨቱ ጋር እንደ ተያያዘ ቀረ።