ጨው ላለበት ውሃ የትኛው ሰርፋክታንት ይሻላል?

ፈሳሽ ሳሙና ለማዘጋጀት ሰርፋክታንት (ሞለኪውሉ ውሃ የሚወድ ራስና ቅባት የሚወድ ጭራ ያለው የማጽጃ ንጥረ ነገር) የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውንና አረፋውን ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ውሃው ነው፤ ምን ዓይነት ጨው ሟምቶበታል? ቅባትን አቅፈው የሚያወጡት ማይሴሎች፣ ማለትም ጭራቸውን ወደ ውስጥ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው የሚሰባሰቡ የሞለኪውል ድብልብሎች፣ ለጨው የሚሰጡት ምላሽ እንደየዓይነታቸው ይለያያል።

የሰርፋክታንቱ የሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሞለኪውል ራስ አሉታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) አለው። ራሶቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ በንጹህ ውሃ ማይሴል የሚጀምረው መጠኑ በሊትር 8 ሚሊሞል (ሚሊሞል የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ ነው) ገደማ ሲደርስ ነው። በሊትር 6 ግራም ያህል የገበታ ጨው ሲጨመር ግን ወደ 1.5 ይወርዳል፤ የሶዲየም አዮኖች በራሶቹ ዙሪያ ተሰብስበው መገፋፋቱን ያረግቡታልና። ጨው ሁሉ ግን እንዲህ አይረዳም። የፖታሲየም ጨው በክፍል ሙቀት ሲጨመርበት ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ካልሲየም የበዛበት ውሃም ያስቸግረዋል።

ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት ካልሲየምን በተሻለ ይችላል። ለእጅና ለዕቃ ማጠቢያ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በውሃ አቅጥነው ጨው በማንኪያ እየጨመሩ ሲያማስሉት፣ መጀመሪያ እንደ ውሃ የነበረው ቀስ በቀስ ማማሰያውን መያዝ ይጀምራል፤ ድብልብሎቹ እየረዘሙ እንደ ክር ይጠላለፋሉ። ከልኩ ሲያልፍ ግን መልሶ ይቀጥናል። እኔም በችኮላ አንድ ባልዲ ሙሉ እንዲህ አበላሽቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በትንሽ ናሙና እሞክራለሁ። በሚገዙት ፈሳሽ ሳሙናም ውፍረቱ አያታልልዎት፤ የጨው ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ሰርፋክታንቱ ብዛት አይናገርም።

ሙል የሌላቸው ሰርፋክታንቶች፣ ለምሳሌ ትራይተን ኤክስ-100፣ የሚገፋፋ ሙል ስለሌላቸው ጨው ማይሴል መጀመሪያቸውን ብዙም አይለውጠውም፤ ትራይተን ኤክስ-100 በንጹህ ውሃም ቢሆን በሊትር ከ0.2 ሚሊሞል ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል። ሙል የሌላቸውን ካልሲየምም አያስጨንቃቸውም። ድክመታቸው ሙቀት ነው። ትራይተን ኤክስ-100 በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደፈርሳል፤ የገበታ ጨው ሲበዛ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት። ስለዚህ ለሙቅ ማጠቢያ የሚገዙ ከሆነ በምርቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ያለው የመደፍረሻ ሙቀት ብዙውን ጊዜ በንጹህ ውሃ የተለካ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጥቂት ናሙና ወስደው በራስዎ ውሃ ይበጥብጡና ቀስ ብለው እያሞቁ የሚደፈርስበትን ዲግሪ ይመዝግቡ።